ዘንባባ ከደብረ ብርሃን እስከ አልዩ አምባ



በሆሳዕና ዕለት በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ግቢ ዘንባባ ያልያዘ እጅ አይታይም። ካህናቱ ባርከው ያድላሉ፤ ልጆች ቀለበትና መስቀል ይሠሩበታል፤ ብዙው ምእመን በግንባሩ አስሮት ወደ ቤቱ ይመለሳል። ደብረ ብርሃንም በዚያ ጠዋት እንደ ሌሎቹ ከተሞች ናት። ነገር ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ ለገብስና ለበግ የተመቸች፣ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የታወቀች ከተማ የዘንባባ አገር አይደለችም። ቅጠሉ ሞቅ ካለ ስፍራ ተቆርጦ፣ ተጭኖ ይመጣል።

ታዲያ ይህ ዛፍ በሰሜን ሸዋ ይበቅላል ወይ? ጥያቄው እንዲህ በደፈናው ከቀረበ መልስ የለውም። በአንድ ዞን ውስጥ ከውርጭ እስከ ቆላ ያለው አየር ሁሉ ይገኛል። የሚሻለው ጥያቄ በየትኛው ከፍታ፣ በየትኛው የወንዝ ዳር፣ በስንት ዓመት ትዕግሥት የሚለው ነው።

በመጀመሪያ ዛፉን ማወቅ ይቀድማል። በዓለም ላይ 2,500 ያህል የዘንባባ ዓይነቶች አሉ። የአብዛኞቹ መኖሪያ የደቡብ ምሥራቅ እስያና የደቡብ አሜሪካ ዝናባማ ደኖች ናቸው። ማዳጋስካር ብቻዋን 200 ያህል ሲኖሯት፣ በመላው የአፍሪካ ዋና ምድር የሚገኙት ግን ወደ 65 የሚጠጉ ብቻ ናቸው። የኢትዮጵያ ድርሻ ከዚያም ያነሰ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ የዕፅዋት ቤተ መዘክር ከውጭ አገር ባለሙያዎች ጋር ያዘጋጀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዝገብ ዘንባባዎችን የያዘው እ.ኤ.አ. በ1997 በታተመው 6ኛ ቅጹ ነው።

የሆሳዕናው ዘንባባ፣ ሰሌን የሚሠራበትም፣ በሳይንሳዊ ስሙ ፊኒክስ ሬክሊናታ ይባላል። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1801 ያወጣለት በቪየና የሠራው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላውስ ዮሴፍ ፎን ያክን ነው። ኋላም ጀርመናዊው ኦስካር ድሩደ የኢትዮጵያውን ለይቶ ፊኒክስ አቢሲኒካ ብሎት ነበር። ዛሬ ሁለቱ አንድ ዓይነት መሆናቸው ታምኖ የቆየው ስም ጸንቷል። ዛፉ የቴምር የቅርብ ዘመድ ነው፤ ስለዚህ በጠባዩ ብዙ ነገር ከቴምር ጋር ይጋራል።

ከቴምር የሚለየው በአቋሙ ነው። ቴምር ሲያድግ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ግንድ ይታያል። ይህኛው ግን ከአንድ ሥር ብዙ ግንድ ያወጣል፤ ግንዶቹም ብርሃን ፍለጋ ወደየአቅጣጫው ያዘነብላሉ። ቁመቱ 10 ሜትርና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል። ቅጠሉ ከ2 ሜትር ይረዝማል። ከቅጠሉ ሥር፣ ወደ ግንዱ በቀረበው በኩል፣ ዝርዝሮቹ ወደ ጠንካራ እሾህ ተለውጠዋል። ቅጠል ቆራጭ ዓይኑን የሚጠብቀው ከዚህ እሾህ ነው። ፍሬው ሲበስል ብርቱካናማ ይሆናል፤ ይበላል፤ ሥጋው ግን ስስ ነው። ዝንጀሮ፣ ጦጣና ወፍ ግን አይንቁትም፤ ዘሩን ወንዝ ለወንዝ የሚያዳርሱትም እነሱ ናቸው።

መኖሪያውን ለማየት ወደ ደቡብ ምዕራብ መሄድ ያስፈልጋል። በከፋ፣ በሸካና በያዮ ደኖች፣ የዱር ቡና በሚገኝበት አገር፣ ዘንባባው ከግዙፎቹ ዛፎች በታች ካሉት ትንንሽ ዛፎች ጋር ቆሞ ይታያል። በረግረጉ ዳር ደግሞ ይበዛል። የከፋና የያዮ ደኖች እ.ኤ.አ. በ2010፣ የሸካው በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግበዋል። በባሌ ሐረና ደንም ይገኛል። ከእነዚህ ደኖች ወጥቶ ሲታይ ግን ዛፉ ደን ብቻ የሚወድ እንዳልሆነ ግልጽ ይሆናል። ከሴኔጋል እስከ ደቡብ አፍሪካ፣ በማዳጋስካርና በደቡብ ምዕራብ ዓረቢያ ጭምር ይበቅላል። በሣር ሜዳ መካከል በሚያልፍ ወንዝ ዳር፣ ከምንጭ ሥር፣ ውሃ በሚያቁር ሸለቆ ውስጥ ይቆማል።

ለሸዋ ሰው ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ዛፉ የሚጠይቀው ዓመቱን ሙሉ የሚዘንብ ሰማይ አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ እርጥበት የማይለየው መሬት ነው። ሰሜን ሸዋ ክረምቱ ሲያበቃ ረጅም ደረቅ ወራት ይጠብቁታል። በእነዚያ ወራት ዘንባባው የሚኖረው ሥሩ ከከርሰ ምድር ውሃ ከደረሰ ወይም ሰው ካጠጣው ነው።

ውሃ ግን ከሁለቱ ነገሮች አንዱ ነው። ሁለተኛው ሙቀት ነው።

ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዘ ሰው አንኮበር ይደርሳል፤ መሬቱም እዚያ ቁልቁል ይወርዳል። ከደብረ ብርሃን አጠገብ የሚነሣው በሬሳ ወንዝ ወደ ምዕራብ ሄዶ ጀማን ይቀላቀላል፤ በጀማም በኩል ዓባይ ይገባል። ከአንኮበር ገደል የሚወርዱት ጅረቶች ግን ፊታቸውን ወደ አዋሽ ያዞራሉ። ሙቀት በያንዳንዱ 100 ሜትር ቁልቁለት 0.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይጨምራል። ከደብረ ብርሃን ከፍታ ተነሥቶ 1,280 ሜትር ላይ እስካለችው ሸዋ ሮቢት ቢቆጠር ልዩነቱ ከ9 ዲግሪ ያላነሰ ነው። ለሰው ይህ ካፖርት አውልቆ በሸሚዝ መሆን ነው። ለዘንባባ ግን በማደግና ባለበት በመቆም መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ይህን ቁልቁለት ከታች ወደ ላይ ከወጡት መንገደኞች መካከል እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከው እንግሊዛዊ ሻምበል ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ይገኝበታል። ጓዙን ይዞ ከታጁራ ተነሣ፤ የአፋርን በረሃ አቋረጠ፤ የሲራራ ነጋዴ መናኸሪያ በነበረችው በአልዩ አምባ በኩል አድርጎ ወደ አንኮበር ወጣ። ከእሱ ጋር ዮሐንስ ሮት የተባለ ጀርመናዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1870ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ጣሊያናዊው ኦራዚዮ አንቲኖሪ ከአንኮበር አጠገብ በልጥ ማረፊያ የምርምር ጣቢያ አቋቁሞ ወፍና ዕፅዋት ሲሰበስብ ቆየ፤ እ.ኤ.አ. በ1882 የሞተውም እዚያው ነው። በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ከገብስ ማሳ እስከ በረሃ ግራር የሚያሳይ ስፍራ ለተፈጥሮ ተመራማሪ የተመቸ ነው። የገደሉ አናት የራሱ ነዋሪዎች አሉት። እ.ኤ.አ. በ1979 ለሳይንስ የተገለጸችው የአንኮበር ወፍ የምትኖረው በዚያ ብርዳማ ገደል ነው። የዘንባባው ጉዳይ የሚጀምረው ከእሷ ሰፈር ብዙ መቶ ሜትር ወርዶ ነው።

ለመሆኑ ደብረ ብርሃን ላይ ቢተከል ምን ይሆናል? ወዲያው ይሞታል ማለት አይደለም። ያደገ ዘንባባ ቀለል ያለ ውርጭ ይችላል። ችግኝ ግን አይችልም። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሰማዩ ጥርት ሲል ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ በዚያ ሌሊት የችግኙ ለጋ ቅጠል ይቃጠላል። ውርጭ ባያገኘው እንኳ ቀኑ የሚሰጠው ሙቀት ስለሚያንስ በዓመት የሚያወጣው ቅጠል ጥቂት ይሆናል። በቤት ግድግዳ ተከልሎ፣ ፀሐይ በሚመታው በኩል፣ በባለቤቱ ጥንቃቄ ሊቆይ ይችላል። ለሆሳዕና የሚቆረጥ ቅጠል ግን አይጠበቅበትም።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ዘንባባ ወንዝ ዳር ይወዳል ሲባል የሰማ የደጋ ሰው ችግኙን ወስዶ በሸለቆው ግርጌ፣ በጅረቱ አፍ ይተክለዋል። ብርድ አየር ግን ከባድ ነው፤ ሌሊት ከኮረብታው ወርዶ የሚተኛው በዚያው ግርጌ ነው። በደጋ ውርጭ ቀድሞ የሚመታው ሜዳውንና የወንዙን ዳርቻ ነው። ስለዚህ በከፍታ ቦታ የሚሻለው ከሸለቆው ወለል ከፍ ያለ፣ ምንጭ የሚፈልቅበት ወይም በቦይ ውሃ የሚደርስበት ተዳፋት ነው። ወደ ቆላው ሲወረድ ነገሩ ይገለበጣል። በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ ዙሪያ ውርጭ ስጋት ስላልሆነ የወንዙ ደለል ራሱ ከሁሉ የተሻለ ስፍራ ነው።

መካከለኛውን ከፍታ ለመገመት ወደ ባሕር ዳር መመልከት ይጠቅማል። ከተማዋ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጎዳናዎቿም በዘንባባ የታወቁ ናቸው። ከአንኮበር በታች ባለው ተዳፋት ተመሳሳይ ከፍታ አለ፤ የጣና እርጥበት ግን የለም። ጉድለቱን የሚሞላው ምንጭና መስኖ ነው።

አሁን ወደ አተካከሉ እንምጣ። ዘንባባ የሚተከልበት መንገድ ከጽድና ከባሕር ዛፍ የሚለየው በአካሉ አሠራር ነው። የጽድ ግንድ ከቅርፊቱ ሥር ባለው ሕያው ሽፋን በየዓመቱ እየወፈረ ይሄዳል፤ ቢቆስል ቁስሉን ይሸፍናል። ዘንባባ ይህ ሽፋን የለውም። ግንዱ አንዴ ከቆመ በኋላ በዚያ መንገድ አይወፍርም፤ የተወጋበት ቦታም ዕድሜ ልኩን ይቀራል። እያንዳንዱ ግንድ የሚያድገው ከአናቱ ባለው አንድ እምብርት ብቻ ነው። እምብርቱ ከተቆረጠ ያ ግንድ አለቀ።

በዚህም ምክንያት ችግኙ ለዓመታት ቁመት አይጨምርም። ቤት ሠሪ መሠረቱን ሳይጨርስ ግድግዳ እንደማያቆም ሁሉ፣ ዘንባባም ወደ ላይ ከመነሣቱ በፊት የግንዱን ስፋት ከመሬት አጠገብ ጨርሶ መሥራት አለበት። ይህን ያላወቀ ተካይ ዛፉ ቀጨጨ ብሎ ይነቅለዋል። ባሕር ዛፍ በአምስት ዓመት ተቆርጦ አጣና ሲሆን ማየት የለመደ ዓይን በዘንባባ መታለሉ አያስገርምም።

ሥራው ከዘር ይጀምራል። ዘሩ የሚለቀመው ከበሰለና መውደቅ ከጀመረ ፍሬ ነው። ከከተማ ጎዳና የተለቀመ ዘር ግን አያስተማምንም። የፊኒክስ ወገን የሆኑ ዘንባባዎች በቀላሉ ይዳቀላሉ፤ አዲስ አበባን በመሳሰሉ ከተሞች ደግሞ ከካናሪ ደሴቶች የመጣው ወፍራም ዘንባባ ለጌጥ ተተክሏል። ዘሩ ከሁለቱ ተዳቅሎ የተገኘ ሊሆን ይችላል። አገር በቀሉን የሚፈልግ ሰው ዘሩን በወንዝ ዳር በራሱ ከበቀለ ዘንባባ ቢለቅም ይሻለዋል።

ሥጋው ተፍቆ ይነሣል፤ ካልተነሣ ይሻግታል። ዘሩ ለሁለት ቀን ውሃ ውስጥ ይቀመጣል፤ ውሃው በየቀኑ ይቀየራል። የሚንሳፈፈው ባዶ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ስለሆነ ይጣላል። የቀረው በ2 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት በጎኑ ተጋድሞ ይዘራል። አፈሩ አሸዋ የበዛበትና ውሃ የማያቁር ቢሆን ይመረጣል። ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሙቀት ካገኘ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ይበቅላል፤ ብርድ ካለ ይዘገያል። በሸዋ ሮቢት ሙቀቱ በተፈጥሮ የሚገኝ ሲሆን፣ በአንኮበር ግን መደቡን በብርሃን አሳላፊ ላስቲክ መሸፈን ያስፈልጋል።

አበቃቀሉ ለማያውቅ ሰው ግራ ያጋባል። ቡቃያው ዘሩ ከተቀበረበት ቦታ ቀጥ ብሎ አይወጣም። በመጀመሪያ ከዘሩ ቱቦ የመሰለ ነጭ አካል ይወጣና ወደ ታች ይወርዳል። ሥሩም ቡቃያውም የሚነሡት ከዚያ ቱቦ ጫፍ ነው። ስለዚህ ጥልቀት የሌለው መደብ አይሆነውም። የችግኝ ላስቲኩ ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ሊኖረው ይገባል። የመጀመሪያው ቅጠል ደግሞ የዘንባባ መልክ ጨርሶ የለውም፤ ያልተሰነጠቀ፣ ቀጭን፣ ሣር የሚመስል ነው። በአረም ወቅት ብዙ ችግኝ የሚነቀለው በዚሁ ምክንያት ስለሆነ መደቡ ላይ ምልክት ማድረግ ግድ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ጥበቃ ነው። ችግኙ ለመጀመሪያው ዓመት በጥላ ዳስ ሥር ይቆያል፤ ጥላው ቀስ በቀስ ይነሣለታል። ለመተከል የሚደርሰው ወደ ሁለት ዓመት ሲጠጋ፣ በርካታ ቅጠል ካወጣ በኋላ ነው። ችግኝ ጣቢያዎች ከዚህ ዛፍ የሚርቁበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም። በየክረምቱ ለሚደረገው የችግኝ ተከላ ዘመቻ የሚያዘጋጁት በወራት ውስጥ የሚደርስ ችግኝ ነው፤ ዘንባባ ግን ሁለት ክረምት መጠበቅ ይፈልጋል። ስለዚህ ዕቅዱ ከአንድ በጀት ዓመት በላይ ካልተያዘ ችግኙ ሳይደርስ በጀቱ ይዘጋል።

ተከላው በክረምቱ መግቢያ ይሁን። 60 ሴንቲ ሜትር በሁሉም አቅጣጫ የሆነ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ የወጣው አፈር በደንብ ከበሰለ ፍግ ጋር ተደባልቆ ይመለሳል። ችግኙ በላስቲኩ ውስጥ በነበረበት ልክ ይቀበራል። እምብርቱ በአፈር ከተሸፈነ ይበሰብሳል። ዛፉ እየተባዛ ጥሻ ስለሚሆን በመካከላቸው ከ4 እስከ 6 ሜትር ይተው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት የበጋ ወቅቶች ውሃ በየሳምንቱ ያስፈልገዋል፤ ከግርጌው ገለባ ወይም ደረቅ ሣር ቢነጠፍለት እርጥበቱ ይቆይለታል። ፍየልና ከብት በሚለቀቅበት ስፍራ ካልታጠረ አይተርፍም፤ እሾሁ ሳይጠነክር ለጋው ቅጠል ለአፍ ይመቻልና።

መመገብም ያስፈልገዋል። የታችኛው አሮጌ ቅጠል ጫፉ ቢጫ እየሆነ፣ ነጠብጣብ እያወጣ ቢደርቅ ብዙውን ጊዜ ፖታሲየም አንሶታል ማለት ነው። ዛፉ ያነሰውን ፖታሲየም ከአሮጌው ቅጠል ስቦ ለአዲሱ ይሰጣል። ለውበት ብሎ ቢጫውን ቅጠል ቶሎ የሚቆርጥ አትክልተኛ የዛፉን ስንቅ ነው የሚቆርጠው። ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ መተው ይሻላል። የምድጃ አመድ ፖታሲየም ስላለው በመጠኑ ከፍግ ጋር ቢበተን ይረዳል። አዲሱ ቅጠል ተኮራምቶ ከወጣ ግን ጉድለቱ ማንጋኒዝ ሊሆን ስለሚችል አመድ መጨመር ነገሩን ያባብሰዋል።

ከዚህ ዛፍ ዘር ለማግኘት የሚያስብ ሰው ጾታውንም ማሰብ አለበት። አንዱ ዛፍ ወንዴ፣ ሌላው ሴቴ ነው፤ ፍሬ የምትሰጠው ሴቴዋ ብቻ ናት። አበባ እስኪያወጣ ድረስ የቱ የቱ እንደሆነ በዓይን አይለይም። በዘር የተገኙ ችግኞች ግማሹ ወንዴ ግማሹ ሴቴ ይሆናሉ ብለን ብናስብ፣ ሁለት ብቻ የተከለ ሰው ሁለቱም አንድ ጾታ የመሆናቸው ዕድል ከሁለት አንድ ነው። ስድስት ከተከለ ግን ዕድሉ ወደ 32ኛ እጅ ይወርዳል። ቅጠል ብቻ ለሚፈልግ ግን ወንዴም ሴቴም እኩል ነው። ከታወቀች ሴቴ ግንድ ሥር የወጣ ቡቃያ ከነሥሩ ተለይቶ ቢተከል ሴቴ ይሆናል፤ ነገር ግን ከዘር ችግኝ ይልቅ ለመጽደቅ ያስቸግራል።

ዘንባባ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ ዘይት ነው። በየሱቁ የሚሸጠው የፓልም ዘይት የሚገኘው ከሌላ ዘንባባ ነው። መነሻው የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ዝናባማ ደን ሲሆን፣ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋና በየወሩ የሚዳረስ ዝናብ ይፈልጋል፤ የሌሊቱም ሙቀት ከ18 ዲግሪ ባይወርድ ይመርጣል። እ.ኤ.አ. በ1848 አራት ችግኞች ኢንዶኔዥያ ውስጥ በቦጎር የዕፅዋት አትክልት ተተከሉ፤ የዚያ አካባቢ ሰፊ የዘይት እርሻ መነሻው እነሱ ናቸው። በማሌዥያ አበባውን በእጅ ማዳቀል ትልቅ ሥራ ሆኖ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ከካሜሩን አንዲት ትንሽ ጢንዚዛ ተወስዳ ስትለቀቅ ያ ድካም ቀረ። ይህን ዛፍ በሰሜን ሸዋ መሞከር ድካም ነው፤ ቆላው ሙቀቱን ቢሰጥ እንኳ ረጅሙ በጋ ይከለክለዋል። ኮኮነትም ከዚያው ወገን ነው። ቴምር ደግሞ በተቃራኒው ፍሬው በሚበስልበት ጊዜ ደረቅ በረሃ ይፈልጋል፤ አገሩም ከገደሉ ታች አፋር ነው። በእነዚህ ሁለት ጫፎች መካከል፣ በመካከለኛው ተዳፋት፣ የሆሳዕናው ዘንባባ ይቀራል።

ገበያውስ? ሰሌን በአንድ ወቅት በየቤቱ የማይጠፋ ዕቃ ነበር። እህል ይሰጣበት ነበር፤ እንግዳ ይተኛበት ነበር፤ በኦርቶዶክሳውያን ልማድም አስከሬን ተጠቅልሎበት ወደ መቃብር ይሄዳል። የፕላስቲክ ምንጣፍ ከመጣ ወዲህ የዕለት ተዕለት አገልግሎቱ ቀንሷል። መጥረጊያ፣ ባርኔጣና ገመድ ዛሬም ይሠራበታል። የሆሳዕና ፍላጎት ግን አልቀነሰም፤ ከተሞች በሰፉ ቁጥር ይጨምራል እንጂ።

ችግሩ ፍላጎቱ በአንድ ቀን መሰብሰቡ ነው። በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር ሆሳዕና ከመጋቢት 19 አይቀድምም፤ ከሚያዝያ 23 አያልፍም። ይህ ጊዜ ረጅሙ በጋ የሚያበቃበት፣ ወንዙ የሚያንስበት ነው። ዛፉ ውሃ በጠማው ሰዓት ቅጠሉ ይቆረጣል። ቆራጭ ደግሞ ለስላሳውን፣ ገና ያልተከፈተውን፣ ከአናት ያለውን ቅጠል ይመርጣል። ያንን ሲያወጣ እጁ እምብርቱን ከነካ ግንዱ ይሞታል። ብዙ ግንድ ያለው ጥሻ አንዱን ቢያጣ ከሥሩ ሌላ ያወጣል። በየዓመቱ ሁሉንም ግንዶች የሚነኩት ከሆነ ግን ሥሩም ይዝላል። ስለዚህ በየዓመቱ ከጥሻው ግንዶች ከፊሉን ብቻ መንካት፣ የተነካውን በሚቀጥለው ዓመት ማሳረፍ፣ ያልተከፈተውን ቅጠል ትቶ አጠገቡ ያለውን መውሰድ የአቆራረጡ ሥርዓት ቢሆን ዛፉም ገቢውም ይቆያል።

እዚህ ላይ የፍሎሪዳን ነገር ማንሣት ተገቢ ነው። ይህ ዘንባባ ለጌጥ ተወስዶ አሜሪካ ፍሎሪዳ ውስጥ ሲተከል ከግቢ ወጥቶ ወደ ዱር ገባ፤ በዚያም ከወራሪ ዕፅዋት ተራ ተመዘገበ። በኢትዮጵያ አገር በቀል ስለሆነ ዝንጀሮውም ወፉም ወንዙም አብረውት የኖሩ ናቸው። ቢሆንም በመስኖ ቦይ አፍ ላይ መትከል አይመከርም፤ ጥሻው ሲሰፋ ቦዩን ይዘጋል።

ሰሜን ሸዋ ይህን ሁሉ በራሱ መሬት የሚፈትንበት አቅም አለው። በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲና የግብርና ምርምር ማዕከል አሉ፤ ችግኝ ማፍላት ደግሞ በቆላው ይቻላል። ሙከራው ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም። ከአንድ ምንጭ የተለቀመ ዘር ሸዋ ሮቢት ላይ ይፈላል። ከሁለት ዓመት በኋላ ችግኞቹ በአራት ከፍታ ይከፋፈላሉ፦ 1,300 ሜትር ላይ በወንዝ ዳር፣ 1,800 ሜትር ላይ በመስኖ፣ 2,300 ሜትር ላይ ከምንጭ አጠገብ ባለ ተዳፋት፣ ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ በግድግዳ ተከልሎ። በየቦታው ስድስት ስድስት ቢተከል 24 ችግኝ ይበቃል። የሚመዘገበው ሦስት ነገር ነው፦ በዓመት የወጣው የቅጠል ብዛት፣ በውርጭ የተቃጠለው የቅጠል ብዛት፣ በበጋ የፈጀው ውሃ። የ2,300 ሜትሩ መደብ በተለይ ይጠበቃል፤ ወይና ደጋው አልቆ ደጋው የሚጀምረው እዚያ ስለሆነ የዘንባባው ወሰንም የት ላይ እንደሆነ የሚለየው በእነዚያ ስድስት ችግኞች ነው።